ጳውሎስን ከጅራፍ ያስጣለው ቃል፦ ስለ ሮማ ዜግነትና ስለ ይግባኝ

ብራና ገላጭ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ልጅ ሆኜ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ሲነበብ ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነው። ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ውስጥ ተይዟል። ሕዝቡ ልብሱን እየወረወረ፣ ትቢያ እየበተነ ይጮኻል። የሮማው ሻለቃ የጩኸቱ ምክንያት ስላልገባው ተገርፎ እንዲመረመር አዝዟል። በጠፍር ወጥረውታል። ጅራፉ ሊነሣ ሲል ጳውሎስ አጠገቡ የቆመውን መቶ አለቃ፣ የሮሜን ሰው ሳይፈረድበት መግረፍ ይፈቀድላችኋል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። መቶ አለቃው ወደ ሻለቃው ይሄዳል፤ ሊገርፉት የቀረቡት ወዲያው ይርቃሉ፤ ሻለቃው ደግሞ ቀድሞ ስላሰረው ይፈራል።

እስቲ አስቡት። ጠበቃ የለው፣ ዘመድ የለው፣ እጁ የታሰረ ሰው በአንድ ጥያቄ የመንግሥትን እጅ አየር ላይ አስቀረ። ስለ ሮማ ሲነሣ አብዛኞቻችን ወደ ኔሮን፣ ወደ ግላዲያተር፣ ወደ ቄሳር መገደል እንሮጣለን። እኔ ግን በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ የሮማን መንግሥት ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህች ቦታ የተሻለ በር አላገኘሁም።

ያ ቃል ጉልበት ያገኘው በአንድ ቀን አይደለም። (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቅ.ል.ክ. ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው።) ሮማውያን እንደሚተርኩት በ509 ቅ.ል.ክ. ንጉሣቸውን ታርኲንዮስን አባረው የንጉሡን ሥልጣን ለሁለት ሰዎች አካፈሉት። ኮንሱል ይባላሉ፤ ዛሬ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ስንል የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው። ዘመናቸው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ ማገድ ይችላል። በየኮንሱሉ ፊት 12 ሎሌዎች እየቀደሙ ይሄዳሉ። እያንዳንዳቸው በትከሻቸው ላይ በጠፍር የታሰረ የበትር እስር ተሸክመዋል፤ በእስሩ መካከል መጥረቢያ አለ። በትሩ ለመግረፊያ፣ መጥረቢያው ለአንገት። ታዲያ ሎሌዎቹ ወደ ሮማ ከተማ ሲገቡ መጥረቢያው ከእስሩ ይወጣ ነበር። ምክንያቱም በከተማው ውስጥ ሞት የተፈረደበት ዜጋ ‘ይግባኝ ለሕዝብ’ የማለት መብት ስላለው ነው። ኮንሱሉ ብቻውን አንገት መቁረጥ አይችልም።

ጀርባንም ከበትር ያዳነው ረጅም ትግል ነው። ሊቪ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ የጻፈውን አንድ ሽማግሌ ወታደር አልረሳውም። በ495 ቅ.ል.ክ. ግድም ይህ ሰው ጨርቁ ነትቦ፣ ጢሙ ተንጨባሮ፣ ገርጥቶና ከስቶ ወደ አደባባዩ ይመጣል። ሰዎች አወቁት፤ መቶ አለቃ ነበር። ደረቱን ገልጦ በጦርነት የቆሰለበትን አሳያቸው። እሱ ሲዘምት እርሻውን ጠላት አቃጠለው፣ ከብቱ ተነዳ፣ ግብር መጣበት፣ ተበደረ፤ ወለዱ መሬቱን፣ ቀጥሎም አካሉን በላው። ከዚያ ጀርባውን አዞረና አበዳሪው ያስገረፈውን ትኩስ ሰንበር አሳያቸው። ደረቱ ላይ የአገር ጠባሳ፣ ጀርባው ላይ የአበዳሪ። በዓመቱ ተራው ሕዝብ አንዘምትም ብሎ ከከተማው ወጥቶ ተራራ ላይ ሰፈረ። መኳንንቱ ያለ ሠራዊት ቀሩ። በድርድሩ ሕዝቡ ትሪቡን የሚባሉ የራሱን ጠባቂዎች አገኘ። የትሪቡን ቤት በር ሌሊትም ቀንም አይዘጋም፤ ከከተማም ርቆ ማደር አይፈቀድለትም፤ ማንም እጁን ሊያነሣበት አይችልም። ሥራው በገራፊውና በተገራፊው መካከል ገብቶ ‘እከለክላለሁ’ ማለት ነው።

በኋላ፣ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ.፣ የፖርኪዮስ ሕጎች ዜጋን መግረፍን ከለከሉ። ከዚያው ቤተሰብ የወጣ አንድ ሹም በ110 ቅ.ል.ክ. ግድም ባሳተመው የብር ዲናር ላይ መካከል ላይ አንድ የጦር ልብስ የለበሰ አዛዥ፣ በአንድ ወገኑ በትር የያዘ ሎሌ፣ በሌላው ወገን አንድ ተራ ዜጋ ይታያሉ፤ ከሥሩ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ‘ይግባኝ እላለሁ’። ሰው ገበያ ሲወጣ መብቱን በእጁ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሮማ ትታልን ከሄደችው ሁሉ ትልቁ መንገዱም ሕንጻውም ሳይሆን ይህ ‘ይግባኝ’ ነው። የሪፐብሊኩም አወዳደቅ የዚህ ቃል ባለቤት የመለወጥ ታሪክ ነው። ምን ትላላችሁ?


የቀለም ልጅ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጳውሎስ ‘የሮሜ ሰው ነኝ’ ሲል በምን አመኑት? መታወቂያ በኪስ አይያዝ። እኔ ብሆን ሊገርፉኝ ሲሉ ሳልሆንም ነኝ እል ነበር። ሁሉም እንደዚያ አይልም ነበር?


ሐቅ ፈላጊ

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን የከበደኝን ልናገር። ስለ ማን ይግባኝ ነው የምናወራው? ስፓርታኩስ ያስነሣው የባሮች ዓመፅ በ71 ቅ.ል.ክ. ሲደቆስ ከካፑዋ እስከ ሮማ ባለው በአፒያ መንገድ ላይ ስድስት ሺህ ሰው ተሰቀለ። ካርታጎና ቆሮንቶስ በአንድ ዓመት፣ በ146 ቅ.ል.ክ.፣ ወደሙ፤ የተረፈው ሕዝብ ተሸጠ።

ደግሞ ጳውሎስ በይግባኙ ወደ ሮማ በሄደበት ዘመን አካባቢ፣ በ61 ዓ.ም.፣ የከተማው አስተዳዳሪ ፔዳንዮስ ሴኩንዱስ በአንድ ባሪያው እጅ ተገደለ። በልማዱ መሠረት በቤቱ ያደሩ ባሮች በሙሉ መሞት ነበረባቸው፤ 400 ናቸው፤ ሴትም ሕፃንም አለበት። የሮማ ተራ ሕዝብ ድንጋይና ችቦ ይዞ ወጥቶ አይገደሉም አለ። ሴኔቱ ተከራክሮ ይሙቱ ብሎ ወሰነ፤ ኔሮን መንገዱን በወታደር አጥሮ አስገደላቸው። ከእነዚያ 400 ሰዎች አንዱ ‘ይግባኝ’ ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ‘ትልቁ ውርስ’ ከማለታችን በፊት ቃሉ ለስንቱ ይሠራ እንደነበረ እንመዝን።


ብራና ገላጭ

ሐቅ ፈላጊ፣ ያነሣኸውን አንዱንም አልክድም። የ400ዎቹ ነገር እኔም ባስተማርኩ ቁጥር አንገቴን ያስደፋኛል። ያልከው ግን ሐሳቤን ወደ ጥርት ያለው ቦታ ይወስደዋል። ይግባኝ የዜጋ ነው፤ ዜጋ ማን እንደሆነ መወሰን ደግሞ የሮማ ታሪክ ግማሹ ነው።

ሮማ ከግሪክ ከተሞች የምትለየው እዚህ ላይ ነው። አቴና ዜግነትን እንደ ውርስ ርስት አጥብቃ ያዘች። ሮማ በዜጋዋ በሕግ ነጻ የወጣውን ባሪያ እንኳ ዜጋ ታደርገው ነበር፤ ልጁ ለሹመት ይወዳደራል። የጣልያን አጋር ሕዝቦች በሮማ ጦር እየዘመቱ ዜግነት ሲነፈጉ በ91 ቅ.ል.ክ. ተነሡ፤ ጦርነቱ እጅግ መራራ ነበር፤ ሮማ ያሸነፈችው ሲዋጉበት የነበረውን ዜግነት ራሱን በመስጠት ነው። ሮማዊ ያልሆነ ወታደር 25 ዓመት ካገለገለ ለራሱም ለልጆቹም ዜግነት ያገኛል። በ48 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ሰዎች ሴኔት ይግቡ ብሎ የተናገረው ንግግር በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ሊዮን ከተማ ተገኝቷል።

ስለ ቀላውዴዎስ ካነሣሁ አይቀር፣ ጳውሎስን ያሰረው ሻለቃ እኔ ይህን ዜግነት በብዙ ገንዘብ ነው ያገኘሁት ይለዋል፤ ጳውሎስ ደግሞ እኔ ግን ስወለድ ጀምሮ ነው ብሎ ይመልሳል። የሻለቃው ስም በምዕራፍ 23 ላይ ይገኛል፦ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ። አዲስ ዜጋ ዜግነቱን የሰጠውን ሰው የቤተሰብ ስም ይወስዳል፤ እንግዲህ ይህ ሰው ዜግነቱን በቀላውዴዎስ ዘመን ሳያገኝ አልቀረም። የእኛው አፄ ገላውዴዎስ ስምም ይኸው ስም ነው፤ በሰማዕቱ በቅዱስ ገላውዴዎስ በኩል ደርሶን።


ጠበቃ ነኝ

እንደ ሕግ ባለሙያ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የሮማዊው ጠበቃና ፖለቲከኛ የሲሴሮ ነገር ነው። በ70 ቅ.ል.ክ. ሲሴሮ የሲሲሊን ገዢ የነበረውን ቬሬስን ከሰሰ። ከክሱ ሁሉ ከባዱ ጋቪዮስ የተባለ የሮማ ዜጋ ነበር። ጋቪዮስ ሰራኩስ ከሚገኘው የድንጋይ ካባ እስር አምልጦ መሲና ደረሰ፤ ጣልያን ከባሕሩ ማዶ ይታየዋል። ሮማ ገብቼ ቬሬስን እከሰዋለሁ ብሎ ሲናገር ተሰማና ተያዘ። በአደባባይ ሲገረፍ ከአፉ የሚወጣው ‘የሮማ ዜጋ ነኝ’ የሚለው ብቻ ነበር። ቬሬስ ሰቀለው፤ እያየ እንዲሞት ፊቱን ወደ ጣልያን አዙሮ። መምህር ያነሡት የጳውሎስ ቃል ያው ቃል ነው፤ አንዱን አዳነ፣ አንዱን አላዳነም። ቬሬስ የክሱን ጅማሬ ሰምቶ ፍርዱን ሳይጠብቅ ወደ ማርሴይ ተሰደደ።

ይኸው ሲሴሮ ግን በ63 ቅ.ል.ክ. ኮንሱል ሳለ መንግሥት ለመገልበጥ ያሤረውን የካቲሊናን ተባባሪዎች ያዘና አምስቱን ያለ ሕዝብ ፍርድ አስገደለ። አገር ለማዳን ነው አለ፤ ሴኔቱም ደግፎት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ዜጋን ያለ ፍርድ የገደለ ይሰደድ የሚል ሕግ ወጣና ተሰደደ። በ43 ቅ.ል.ክ. ደግሞ እሱ ራሱ ስሙ በግድያ ዝርዝር ላይ ወጥቶ ተገደለ፤ ራሱና እጁ እየቆመ ሲናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀለ። ለዚህ ነው ‘አስቸኳይ ጊዜ ነውና ሥነ ሥርዓቱን እንለፈው’ የሚል ክርክር ሲቀርብ የምሰጋው። በር የከፈተ ሰው በሩ ለእሱም ክፍት መሆኑን ማሰብ አለበት።

ሁለተኛው ወደ እኛ የደረሰው ነው። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ትሪቦኒያኖስ በተባለ ሊቅ መሪነት የቀደሙትን የሕግ ሊቃውንት ጽሑፍ አሰባስቦ በ533 ዓ.ም. በ50 መጻሕፍት አወጣ። ወደ እኛ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፍትሐ ነገሥት ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ሲያዘጋጀው ሥጋዊውን ክፍል በብዙው ከቢዛንታይን፣ ማለትም ከምሥራቁ ሮማ ሕግ፣ ወስዷል። ሐቅ ፈላጊ ላነሣው ነገር እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ባርነት በሚናገረው አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ እንደሆነ፣ ሰውን ባሪያ ያደረገው ጦርነት እንደሆነ ተጽፏል። የዩስቲኒያኖስም መጽሐፍ ባርነት ከተፈጥሮ የሚቃረን ነው ይላል። አውቀውት ነበር። አውቀው ነው የቀጠሉበት፤ እኛም እንደዚያው።

ሁለተኛው መንገድ በእኛ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው፤ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ቁጥር 2ን ክፈቱ፤ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅ ጊዜ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። የሕግ ሊቁ ጳውሎስ (ሐዋርያው አይደለም) በዩስቲኒያኖስ ስብስብ ውስጥ ያለው ቃል በሐሳብ ይኸው ነው። አባቱ ከመወለዱ በፊት ለሞተበት ልጅ ውርስ በያዝኩ ቁጥር የምቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ነው።


ድልድይ ሠሪ

በሕጉ አልከራከርም፤ ‘መንገዱም ሕንጻውም ሳይሆን’ የምትለዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ደቡብ ፈረንሳይ ኒም ከተማ ውኃ ያደረሰው ቦይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዚያ ሁሉ ርቀት የሚወርደው ከ20 ሜትር በታች ነው። ያለ ዘመናዊ መሣሪያ። በሮማ ያለው የፓንቴዮን ቤተ መቅደስ ጉልላት ከጫፍ ጫፍ 43 ሜትር ነው፤ ብረት የሌለበት ኮንክሪት። ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ አረፋ የቀለለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላቅለውበታል። ሕግም እኮ የሚደርሰው በመንገድ ነው፤ ይግባኙ ያለ መርከብና ያለ ወደብ ጳውሎስ ታስሮ ከነበረባት ከቂሣርያ ሮማ አይገባም።


ከሮማ

እኔ የምኖረው ሮማ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ‘የሮማ ሴኔትና ሕዝብ’ ለሚለው የቆሙትን አራት ፊደላት በየቀኑ እረግጣቸዋለሁ፤ በፍሳሽ ቱቦ ክዳን ላይ ተቀርጸዋል። ውኃውም ያው ነው። በ19 ቅ.ል.ክ. የአውግስጦስ የጦር አዛዥ አግሪጳ ያስገባው የቪርጎ ውኃ፣ ቦይ እየታደሰለት፣ ዛሬም ቱሪስት ሳንቲም የሚወረውርበት የትሬቪ ምንጭ ላይ ይወርዳል።

መምህር ስለ በትሩ እስር ሲጽፉ ግን ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ያ እስር በላቲን ፋስኬስ ነው፤ ፋሽስት የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ጋር ከሚዛመደው የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ሞሶሎኒም ምልክቱ ያደረገው ይህንኑ እስር ነው። አንዳንድ የዘመኑ ሕንጻ ላይ ዛሬም ተቀርጾ አለ። ሳየው ሁልጊዜ መጥረቢያው አለበት። በግንቦት 1936 አገራችንን ወርሮ ‘የሮማ ግዛት ተመለሰ’ ብሎ ያወጀው ሰው፣ በጥንቱ ሕግ ከተማው ውስጥ መውጣት የነበረበትን መጥረቢያ በከተማው መካከል አቆመው። በዓመቱም የአክሱምን ሐውልት አምጥቶ ከጥንቱ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳ አጠገብ ተከለው፤ እስከ 2005 ድረስ አልተመለሰም። አሁን ሐውልቱ በቦታው የለም። በዚያ ሳልፍ ቆም እላለሁ።

የሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወረፋ ላይ ለሊት ወጥቶ የቆመ ሰው የሻለቃውን ፍርሃት ይረዳዋል። አንዲት ወረቀት ሰው እንዴት እንደሚናገርህ ትለውጣለች። ወረቀቴን ያላየ ‘አንቺ’ እያለ የጮኸብኝ አለ፤ ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ ያደረገ።


ብራና ገላጭ

እታለም፣ ይህን ስለጻፍሽልን እግዜር ያክብርልኝ። ስለ መጥረቢያው ያልሽውን በዚህ መልክ አላሰብኩትም ነበር። በፊልጵስዩስም ጳውሎስና ሲላስ በአደባባይ በበትር ተመቱ፤ በማግስቱ ሹሞቹ የላኳቸው ሎሌዎች በግሪክኛው ‘በትር ያዦች’ ይባላሉ። እነዚያው ናቸው። ያን ጊዜ ጳውሎስ በስውር አንወጣም፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ ሹሞቹም መጥተው ለመኗቸው።

አሁን የቀረውን የሐሳቤን ጫፍ ላድርስ። ሪፐብሊኩን የገደለው አንድ ሰው አይደለም። በ133 ቅ.ል.ክ. ትሪቡኑ ቲቤሪዮስ ግራኩስ ለድሃው መሬት ይከፋፈል ስላለ፣ ማንም እጁን ሊያነሣበት የማይችለው ያ ትሪቡን፣ በሴናተሮች እጅ በወንበር እግር ተደብድቦ ሞተ፤ ሬሳው ከ300 ተከታዮቹ ጋር ወንዝ ተጣለ። ከዚያ ወዲያ ወታደሩ መሬት የሚሰጠውን አዛዥ እንጂ ሴኔቱን አይሰማም። በ88 የጦር አዛዡ ሱላ ጦሩን ይዞ ሮማ ገባ፤ በ82 የሚገደሉትን ሰዎች ስም አደባባይ ላይ ለጠፈ። ቄሳር በ49 ጦሩን ይዞ የሩቢኮንን ወንዝ ሲሻገር መንገዱ የተጠረገ ነበር።

አውግስጦስ ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው። ንጉሥ አልተባለም፤ ኮንሱልም ሴኔትም እንዳሉ ተዋቸው። በ23 ቅ.ል.ክ. የወሰደው የትሪቡንን ሥልጣን ነው፤ ትሪቡን ሳይሆን። ያ በሩ የማይዘጋ፣ በገራፊውና በተገራፊው መካከል የሚገባ ጠባቂ አንድ ሰው ሆነ፤ ያውም ለዕድሜ ልክ። ስለዚህ ጳውሎስ በይሁዳው ሮማዊ ገዢ በፊስጦስ ፊት ሲቆም ይግባኝ ለሕዝብ አይልም። ይግባኝ ወደ ቄሳር ነው የሚለው። ቃሉ አልጠፋም፤ ባለቤቱ ተለወጠ። ያ ቄሳር ደግሞ ኔሮን ነበር።

በ212 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ላሉ ነጻ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሰጠ። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዮስ ዲዮ ለግብር ብሎ ነው ይላል። በዚያ ጊዜ ግን ፍርድ ቤቱ ሰውን ‘ክቡር’ና ‘ተራ’ ብሎ መለየት ጀምሮ ነበር፤ ተራው ዜጋ ቢሆንም ይገረፋል። ሁሉም ዜጋ በሆነ ጊዜ ‘ዜጋ ነኝ’ ማለት ጅራፍ የማያስቆም ሆኖ ነበር።

ድልድይ ሠሪ፣ ስለ መንገዱ ተረትተሃል አልልህም፤ የወደቡን ነገር ግን ተቀብያለሁ።


ሐቅ ፈላጊ

የመጨረሻው አንቀጽ ልቤን ነካው። በ‘ትልቁ ውርስ’ ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ለእኔ ትልቁ ያ ድንጋይ ይዞ የወጣው ሕዝብ ነው። ዜጋ ነበረ፤ ስለ ባሮች ነው የጮኸው።


ብራና ገላጭ

በዚህስ አልከራከርህም።

ልጄ የቀለም ልጅ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ከአውግስጦስ ዘመን ጀምሮ ዜጋ ልጅ ሲወለድለት በ30 ቀን ውስጥ ያስመዘግባል። ግልባጩ በሰም በተቀባ ጥንድ እንጨት ላይ ይጻፋል፤ ሰባት ምስክር ያትምበታል። ወታደር ከሆነ የሚሰጠው ሁለት የነሐስ ሰሌዳ ነው፤ ጽሑፉ ከውስጥም ከውጭም ይቀረጻል፤ ሰሌዳዎቹ በሽቦ ታስረው የሰባት ምስክሮች ማኅተም ያርፍበታል። የውጩን ሰው ያነባል፤ ተጭበርብሯል ከተባለ ማኅተሙ ተሰብሮ ከውስጡ ጋር ይነጻጸራል። እንደዚህ ያሉ ሰሌዳዎች በብዛት ተቆፍረው ወጥተዋል። ያልሆነ ሰው ነኝ ቢል ደግሞ ቀላውዴዎስ በዚህ ወንጀል ሰው አስገድሏል። ስለዚህ ‘እኔ ብሆን እል ነበር’ ያልከው ነገር በአንገት የሚያስይዝ ነው።


የቀለም ልጅ

ገባኝ መምህር። ግን ይግባኙ መጨረሻው ምን ሆነ? የሐዋርያት ሥራ ጳውሎስ በተከራየው ቤት ሲያስተምር ያቆማል፤ ፍርዱን አይነግረንም።


ከሮማ

ይህን እኔ ልመልስልህ ወንድሜ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጴጥሮስ ተሰቀለ፣ ጳውሎስ በሰይፍ ተቀላ፤ እኛ ሐምሌ 5 የሁለቱንም እናከብራለን። አንድ ጊዜ እዚህ ያሉ አባት ለምን ሞታቸው እንደተለያየ ስጠይቃቸው የሮማ ዜጋ አይሰቀልም ነበር አሉኝ። መቃብሩ ከከተማው ግንብ ውጭ፣ በኦስቲያ መንገድ ላይ ነው። ከመንበሩ ሥር ያለው እብነ በረድ ላይ በላቲን ‘ለጳውሎስ፣ ሐዋርያና ሰማዕት’ ተብሎ ተጽፏል፤ ድንጋዩ ላይ ቀዳዳዎች አሉበት። የፊታችን እሑድ ዕረፍቴ ነው፤ ሄጄ ፎቶ አንሥቼ እዚሁ ክር ላይ አስቀምጥላችኋለሁ።